ሜዳ ከፒክልቦል ተጫዋቾች ጋር የምትጋሩ፣ እንዴት ተስማማችሁ?

የልጄ አሰልጣኝ፣ ሲያትል

ሰላም ናችሁ ወገኖች። የምኖረው ደቡብ ሲያትል ነው። ታክሲ እነዳለሁ። ዕረፍቴ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው። በዚያች ጠዋት የ13 ዓመት ልጄን በሰፈራችን ፓርክ ቴኒስ አለማምዳታለሁ። ያሉት ሁለት ሜዳዎች ናቸው። ክፍያ የለም፤ ቀድሞ የደረሰ ይጫወታል።

እኔ ቴኒስ የተማርኩት አዲስ አበባ ኳስ ለቃሚ ሆኜ ነው። ትልልቆቹ ሲጨርሱ ክሩ የላላ ራኬት ያውሱኝና ከግድግዳ ጋር እጫወት ነበር። ሜዳ ውስጥ ገብቼ ለመጫወት ዓመታት ጠብቄአለሁ። ስለዚህ ልጄን ይዤ ነፃ ሜዳ ላይ ስገባ ነገሩ ለእኔ ትልቅ ነው።

ዓምና በሁለቱም ሜዳ ላይ የፒክልቦል መስመር ተቀባ። ፒክልቦል ማለት ፓድል በሚሉት ክር የሌለው ጠንካራ ራኬትና በቀዳዳማ የፕላስቲክ ኳስ፣ ከቴኒስ ባነሰ ሜዳ የሚጫወቱት ነው። ነጩ የቴኒስ፣ ሰማያዊው የእነሱ። ያለፈው ቅዳሜ አንደኛው ሜዳ ላይ እነሱ ነበሩ፣ ሌላው ላይ እኛ። ልጄ ሰርቭ (ጨዋታ የሚጀመርበትን ምት) ልትመታ ኳሱን እያነጠረች ሳለ፣ አንድ ሰውዬ ጎማ ያለው መረብ እየገፋ ገባና የእኛ ሜዳ ላይ መዘርጋት ጀመረ። ምነው ስለው፣ «እናንተ ሁለት ናችሁ፣ እኛ 14 ነን» አለኝ። ልጄ ኳሱን ኪሷ ከተተችና «አባዬ፣ እንሂድ» አለች። እስከ ቤት ድረስ ራኬቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ክሩን በጣቷ ስታስተካክል ነበር። ክሩ ግን ምንም አልሆነም።

የከበደኝ ሌላም ነገር አለ። ከ14ቱ አንዷ የቤተ ክርስቲያናችን እናት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት አይወጡም ነበር። አሁን ነጠላቸውን አጥሩ ላይ ሰቅለው ይጫወታሉ። ሲስቁ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። እሳቸውን ከዚያ ሜዳ ማስወጣት አልፈልግም። ልጄም እንድትወጣ አልፈልግም። እናንተ ምን አደረጋችሁ?

ፓድል በእጄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ከዚያኛው ወገን ነኝ። ነርስ ነኝ። የሌሊት ተራዬን ጨርሼ ሁለት ሦስት ጌም ካልተጫወትኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ልጅ ሰርቭ ልትመታ ስትል መረብ መዘርጋት ነውር ነው። በእኛም ዘንድ ነውር ነው።

የቁጥሩን ነገር ግን ልንገርዎት። የፒክልቦል ሜዳ ወርዱ 20 ጫማ፣ ርዝመቱ 44 ጫማ ነው። አንድ የቴኒስ ሜዳ ከነዙሪያው አራቱን ይችላል። አራት አራት ሆነን ስንገባ 16 ሰው በአንዴ ይጫወታል። ጌሙ 11 ነጥብ ላይ ያልቃል፣ በሁለት መብለጥ ብቻ ነው የሚጠበቀው። ብዙ ጊዜ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የሚጠብቅ ሰው ፓድሉን አጥሩ ላይ በተራ ይደረድራል። በብርድ ቆሞ ተራ የሚጠብቅ ሰው፣ ሙሉ ሜዳ በሁለት ሰው ተይዞ ሲያይ ይከፋዋል። ክፋት አይደለም።

እኛ ፓርክ የተስማማነው በሰው ብዛት ሳይሆን በሰዓት ነው። በቁጥር ከሆነ ሁለት ሰው መቼም ሜዳ አያገኝም። ጠዋት አንዱ ሜዳ የቴኒስ ነው፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱም የእኛ። እናትየዋን ያነጋግሯቸው። ከእርስዎ አፍ ይልቅ ከእሳቸው አፍ ይሰማል።

ነጭ መስመር

ወንድሜ፣ እኔ እንኳ አትልቀቅ ነው የምልህ። ያ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ኳስ ጠንካራ ፓድል ሲነካ የሚያወጣውን ድምፅ ታውቀዋለህ። አጠገቡ ሆነህ የራስህን ኳስ አትሰማም። ቴኒስ ደግሞ በጆሮም ነው የሚጫወቱት። ባለፈው ዓመት ኳሳቸው ተንከባሎ እግሬ ሥር ገባ፣ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። ስድስት ሳምንት በክራንች ሄድኩ። ማንንም አልከሰስኩም፣ ግን ሁለቱን ጨዋታ ያለ አጥር ጎን ለጎን ማድረግ አደጋ አለው።

መስመሩም ለጀማሪ ልጅ ከባድ ነው። ልጄ ሰማያዊውን አይታ «ወጣ» ትላለች፣ ኳሱ ግን ገብቷል። ለእኔ መፍትሔው የራሳቸው ሜዳ ነው።

የጀልባው መንገደኛ

የራሳቸው ሜዳ እስኪሠራ ግን ዓመታት ያልፋሉ። ልጅቷ እስከዚያ ታድጋለች።

ጨዋታው ለሲያትል እንግዳ አይደለም። በ1965 የተጀመረው ቤይንብሪጅ ደሴት ላይ ነው፤ ከመሀል ከተማ በጀልባ 35 ደቂቃ ያህል ነው። ፖለቲከኛው ጆኤል ፕሪቻርድና ጓደኞቹ የባድሚንተን ዕቃ ሲያጡ በፒንግፖንግ ፓድልና በቀዳዳማ ኳስ ጀመሩት። በ2022 የዋሽንግተን ግዛት ይፋዊ ስፖርት ሆኗል። ስለዚህ ይሄዳል ብለህ አትጠብቅ።

አንድ ነገር ልምከርህ። ከተማ ውስጥ ስለ ፓርክ ስብሰባ ሲጠራ ሂድ። እኔ በሄድኩበት ስብሰባ ፒክልቦሎች አዳራሹን ሞልተው ነበር። ከቴኒስ የመጣነው ሦስት ነን። ማን ተሰማ ብለህ ትጠይቀኛለህ? ለአራት ቅዳሜ በየሰዓቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ ስንት ልጅ እንዳለ ጻፍና ይዘህ ሂድ። በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ይነበባል።

ደግሞ የቴኒስ መረብ ከፍታው መሀሉ ላይ 36 ኢንች ነው፣ የእነሱ 34። በሁለት ኢንች ብቻ ነው የሚለየው። ተንቀሳቃሽ መረብ ቢያጥራቸው የቴኒሱን መረብ ተጠቅመው መሀል ላይ አንድ ሜዳ መጫወት ይችላሉ። ይህን ንገራቸው።

የልጄ አሰልጣኝ፣ ሲያትል

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ከመጫወታችን በፊት እናትየዋ ጋ ሄድኩ። የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው። «ያንተ ልጅ ናት እንዴ? እኔ አላየኋት!» ብለው ደነገጡ። ነጠላቸውን ከአጥሩ አነሡ፣ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና ወደ ቡድኑ መሩኝ። በሚችሉት እንግሊዝኛ ተናገሩልኝ። ከመንገዱ የራቀው ሜዳ በእኛ አቆጣጠር እስከ ጠዋቱ አራት ሰዓት የቴኒስ ይሁን ተባለ። ከአራት በኋላ ሁለቱም የእነሱ። አንዲት ወጣት ካርቶን ላይ ጽፋ አጥሩ ላይ አሰረችው። ያ ሰውዬ ደስ አላለውም፣ ግን መረቡን አላስገባም። ልጄ እስክትጨርስ ድረስ ሰርቭ መታች።

እህቴ፣ «ፓድል በእጄ» ያልሽው፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚህ ዝናቡን ታውቂዋለሽ። ጠዋቱን ሙሉ ዘንቦ ሜዳው አራት ሰዓት ላይ ቢደርቅስ? የእኛ ሰዓት ወደ በኋላ ይገፋል ወይስ ያን ቀን ይቀርብናል? እናንተ ጋ እንዴት ነው የሚደረገው?