ለፈንግል ፌጦ የሞከረ አለ?

የሰንዳፋው ጀማሪ፦ ሰላም። 60 ሳሶ ዶሮዎች አሉኝ፣ 2 ወር ተኩል ሆኗቸዋል። ባለፈው ሳምንት ከገበያ አንድ አውራ ገዝቼ ቀላቀልኩ። ዛሬ ጠዋት 4 ሞተው አገኘሁ፣ ሌሎቹ ክንፋቸውን ጥለው ያንቀላፋሉ፣ ኩሳቸው አረንጓዴ ነው፣ የአንዷ አንገት ተጣሟል። ጎረቤቴ ፈንግል ነው፣ ፌጦ በሎሚ አጠጣቸው አለችኝ። ምን ያህል ልስጥ?

የጓሮዋ እናት፦ ልጄ፣ እኔ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ውሃ ውስጥ አሳድርና እሰጣለሁ። አምና 12 ነበሩኝ፣ 3 ተርፈውልኛል። ከምንም ይሻላል።

ዶሮ ሐኪም፦ እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ 3ቱን ያተረፋቸው ፌጦው መሆኑን በምን አወቁ? ምንም ሳይሰጣቸው የሚተርፉም አሉ እኮ። ወንድሜ፣ ፈንግል ቫይረስ ነው፣ ፌጦም አንቲባዮቲክም አያድነውም። የታመሙትን ለይ፣ የሞቱትን አቃጥል ወይም አርቀህ ቅበር፣ ለውሻ እንዳትጥል። ዛሬውኑ የወረዳችሁን የእንስሳት ሐኪም ጥራ። ደህና የሚመስሉትን ደግሞ ቶሎ ልሽጥ ብለህ ገበያ እንዳታወጣ፣ ያንን አውራ የሸጠልህም እንዲሁ አስቦ ይሆናል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ጫጩት እያሉ ኤችቢ1 የሚባለው ክትባት በዓይን ጠብታ፣ ከዚያ ላሶታ የሚባለው በውሃ ይሰጣል። ያን ቀን 2 ሰዓት ያህል ውሃ ከልክለህ አስጠማቸው፣ ክትባቱ ያለበት ውሃ ውስጥ ግን ሎሚም በረኪናም ዝር እንዳይል፣ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ራሱ ክትባቱን ይገድለዋል።

ባህር ዳር፦ ሐኪም፣ ለፈንጣጣስ? እኔ እሬት ቀብቼ በ3 ሳምንት ድነውልኛል፣ ምስክር ነኝ።

ዶሮ ሐኪም፦ ቆዳ ላይ የሚወጣው ፈንጣጣ ባትቀባውም በ2 እስከ 4 ሳምንት ቅርፊቱ ይረግፋል። እሬቱ ምስጋናውን በነፃ ወሰደ ማለት ነው 😄 ቁስሉን ቢያለሰልስ አልቃወምም። ግን የሚያዛምተው ትንኝ ነው፣ ቤቱ አጠገብ የተኛ ውሃ ካለ አፍስስ። ጉሮሮ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ መተንፈሻውን ዘግቶ ይገድላል።

የጓሮዋ እናት፦ እሺ ዶክተር፣ ግን እኛ ሰፈር ክትባቱ ለ100 ዶሮ በሚበቃ ብልቃጥ ነው የሚመጣው፣ እኔ 12 ይዤ ለማን ልክፈት?

ዶሮ ሐኪም፦ ይሄ እውነት ነው፣ ብዙውን ሰው ወደ ፌጦ የሚመልሰውም እሱ ነው። ጎረቤት ሰብስቡና ተካፈሉት። አንዴ ከተበጠበጠ አያድርም፣ በዚያው ሰዓት ለሁሉም መድረስ አለበት።

የሰንዳፋው ጀማሪ፦ ሐኪሙ ነገ ጠዋት እመጣለሁ ብሏል። የሞቱት 9 ደርሰዋል። ያ አውራ ግን ምንም አልሆነም፣ ቆጥ ላይ ወጥቶ ይጮሃል።