ከመኪናዬ ሞተርና ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) መሃል ዘይት ይንጠባጠባል፤ ቤት ውስጥ ራሴ መጠገን ይቻላል?

ጠያቂ (ልደታ)፦ ሰላም ቤተሰብ። ኮሮላ 1.3 ናት፣ በፈረንጅ የ1994 ሞዴል። ማታ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ አቁሜያት ጠዋት ስወርድ ከሥሯ ዘይት አገኛለሁ። ጎረቤት ማጉረምረም ጀምሯል። ትንሽ ስነዳት ደግሞ የተቃጠለ ዘይት ይሸተኛል። አንድ መካኒክ ከሥር አየት አድርጎ "የኋላው ኦይል ሲል ነው (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ)፣ ካምቢዮ ይወርዳል" አለኝ። ዋጋው ከአቅሜ በላይ ነው። ራሴ የምሞክረው ነገር አለ?

የተክለሃይማኖቱ፦ ወንድሜ፣ ካምቢዮ ለማውረድ አትቸኩል። ዘይት ከላይ ነው የሚወርደው፣ ስትነዳም ንፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ የሚንጠባጠብበት ቦታ የሚያፈስበት ላይሆን ይችላል። ያንተ መኪና ዲስትሪቢዩተር (ለሻማዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጫፍ ላይ፣ በካምቢዮው በኩል ነው። እዚያ ያለችው ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ስትደርቅ ዘይቱ ካምቢዮው ላይ ይወርድና ከሥር ላየው ሰው ቁርጥ የኋላ ኦይል ሲል ይመስላል። ሽታው ደግሞ የቴስታታውን ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ያስጠረጥራል፣ ዘይቱ የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ እያረፈ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ አጽዳው፣ ይድረቅ፣ ትንሽ ንዳና በእጅ ባትሪ እያበራህ ፈልግ። መጀመሪያ የሚረጥበው የላይኛው ቦታ ነው ጥፋተኛው።

ባለ ቪትዝ፦ ወፍራም ዘይት ሙላበት፣ ያቆማል።

የተክለሃይማኖቱ፦ አያቆምም። የደረቀ ጎማ በወፍራም ዘይት አይድንም። ገንዘብህን ለኦሪንጓ አውለው።

ሳሪስ ያለሁት፦ ቀለሙን እይ፣ ቀይ ከሆነ የመሪ ወይም የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው እንጂ የሞተር አይደለም። እስኪሠራ ድረስ ጠዋት ጠዋት ሳታስነሳት ዘይቷን ለካ። እባክህ በክሪክ ብቻ ተነስታ ሥሯ እንዳትገባ፣ ክሪክ ይንሸራተታል፣ ሰው ሞቶበታል።

ጠያቂ (ልደታ)፦ አጸዳሁት። እውነትም ዲስትሪቢዩተሩ ሥር ረጥቧል፣ የክዳኑም ዙሪያ አልቦታል። እንዴት ልፍታው?

የጋራዥ ልጅ፦ ጎበዝ። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። ዲስትሪቢዩተሩን ሳትፈታ ቆሞበት የነበረውን ቦታ በቀለም ወይም በሚስማር ምልክት አድርግ፤ ትንሽ ከዞረ የሞተሩ ሰዓት (ሻማው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ይዛባል። ወጥቶ እያለ ሞተሩን እንዳታዞር። ዕቃውን ሶማሌ ተራ ታገኛለህ፣ አሮጌዎቹን ይዘህ ሂድ፣ የ1.3 እና የ1.5 ጓርኒሲዮን ላይመሳሰል ይችላል። ክዳኑ የሚያርፍበትን ጠርዝ በደንብ ጥረግ፣ የብረት መፋቂያ አትጠቀም፣ አልሙኒየሙን ይጭረዋል። ሲሊኮን ማዕዘኖቹ ላይ ጠብ ብቻ። ቡሎኖቹን ከመሃል ጀምረህ በየተራ ጥቂት ጥቂት አጥብቅ። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል፣ በጉልበት ሲያጠብቅ ክዳኑ ይጣመምና አዲሱም ያፈስሳል። ክዳኑ ላይ ያለውን የመተንፈሻ ቫልቭም አውጥተህ አወዛውዘው፣ ካልተንኳኳ ተደፍኗል። ከተደፈነ ውስጥ ያለው ግፊት ዘይቱን በየቀዳዳው ያስወጣዋልና አብረህ ቀይረው።

የተክለሃይማኖቱ፦ ከዚህ ሁሉ በኋላ ላዩ ደርቆ ከካምቢዮው መገጣጠሚያ ብቻ ከፈሰሰ ያኔ ኦይል ሲሉ ነው፤ እሱን ለጋራዥ ተወው። ካምቢዮውን ስታስወርድ ግን ፍሪሲዮኑም ይታይልህ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የማውረጃ እንዳትከፍል።