እማዬን ቬኒስ ልወስዳት ነው፤ ጉልበቷ ግን ደረጃ አይችልም

የሙኒኳ
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ከአዲስ አበባ በጉብኝት ቪዛ መጥታ እኔ ጋ ሙኒክ ነች። 71 ዓመቷ ነው። ሁለት ወር ሊሆናት ነው፤ ከሱፐርማርኬትና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ምንም አላሳየኋትም። ባለፈው እሑድ «ማርቆስ ያረፈበት አገር ቅርብ ነው አሉኝ» አለችኝ። ማን እንደነገራት እንጃ። ቬኒስን ማለቷ ነው። እንደ ምንም የሦስት ቀን ፈቃድ አገኘሁ፤ ኖቬምበር 20 በባቡር እንሄዳለን።

ችግሩ ጉልበቷ ነው። ሜዳ ላይ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ደረጃ ግን አምስት ከወጣች ቆማ ታርፋለች። ቬኒስ መኪና የለም፣ ከ400 በላይ ድልድይ አለ፣ አብዛኛው ደረጃ ነው ይላሉ። ጀልባ ደግሞ ትፈራለች። የት ብናድር ይሻላል? የትኛዋ ጀልባ ትመቻለች? የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ድልድይ ሳንሻገር መድረስ ይቻላል? ደግሞ ቪዛዋን የሰጣት የጀርመን ኤምባሲ ነው። ጣልያን ስትገባ ችግር አለው?

የሚላኑ ጋሼ
ልጄ፣ እንኳን እናትሽን ለማየት አበቃሽ። ከወረቀቱ እንጀምር፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ቪዛዋ የሸንገን ከሆነ ጣልያንም ይሠራል። መቆየት የምትችልበት ቀን ማለቁን አለማለቁን ግን እይ። ባቡሩ በኦስትሪያ ነው የሚያልፈው፤ ፖሊስ ሊፈትሽ ይችላል። ዋናውን ፓስፖርት ያዙ። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይሆንም።

ሆቴል ካደራችሁ ሆቴሉ ፓስፖርቷን አይቶ ለፖሊስ ያስመዘግባል፤ በዚያው አለቀ። ሀበሻ ቤት ካደራችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባለቤቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት። እሷም በ8 ቀን ውስጥ ኩዌስቱራ፣ ማለትም ፖሊስ ጽሕፈት ቤት፣ ሄዳ መገኘቷን ማስታወቅ አለባት። እኔ 31 ዓመት እዚህ ስኖር ይህን ባለማወቅ የተንገላታ ብዙ ሰው አይቻለሁ...

ቡና ደርሷል
ጋሼ፣ የምትቆየው እኮ ሦስት ቀን ነው 😀

የሚላኑ ጋሼ
ሕግ ሦስት ቀን አምስት ቀን አይልም። ማወቁ አይጎዳም።

ፓዶቫ 11
እህቴ፣ እኔ ልንገርሽ። ዘጠኝ ዓመት ከፓዶቫ እየተመላለስኩ ቬኒስ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። ጉልበቴም የእናትሽን ሊመስል ምንም አልቀረውም።

መጀመሪያ መስትሬ ላይ እንዳትወርዱ። መስትሬ የብስ ላይ ያለው ከተማ ነው። አልጋ እዚያ ይረክሳል፤ በየቀኑ በባቡር መመላለሱ ግን እናትሽን ይጎዳታል። የመጨረሻው ጣቢያ ሳንታ ሉቺያ ድረስ ኑ። ከጣቢያው ስትወጪ ወደ ግራ ሊስታ ዲ ስፓኛ የሚባል መንገድ አለ። ማደሪያ እዚያ ፈልጊ። ሜዳ ነው፤ ድልድይ ሳትሻገሪ ትደርሻለሽ። ሆቴሉ ግን ሊፍት እንዳለው በስልክ ጠይቂ። ብዙዎቹ የድሮ ቤቶች ናቸው፤ ድልድይ ሸሽተሽ ሦስተኛ ፎቅ በእግር እንዳትወጡ።

ጀልባዋ ቫፖሬቶ ትባላለች፤ እንደ አውቶቡስ ናት። ጣቢያው ፊት ለፊት ነው የምትቆመው። ለእናትሽ ቁጥር 1 ናት የምትሆነው። በትልቁ ቦይ ላይ እያንዳንዱ ፌርማታ እየቆመች ቀስ ብላ ትሄዳለች። እስከ ሳን ማርኮ፣ ማለትም እስከ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ቁጥር 2 ትፈጥናለች፤ ግን ለምን ትቸኩላላችሁ? 4.1 እና 5.1 ላይ አትውጡ። ጠበብ ያሉ ናቸው፣ ወደ ውስጥ በደረጃ ነው የሚወረደው።

ደግሞ ይህን አደራ። «ሳን ማርኮ ቫላሬሶ» የሚለው ላይ ውረዱ። ከዚያ አደባባዩ ድረስ ሜዳ ነው። ሰው ሁሉ የሚወርደው ሳን ዛካሪያ ነው፤ እዚያ ከወረዳችሁ መሐል ላይ ድልድይ ይጠብቃችኋል።

ትኬት ያስደነግጥሻል። አንዱ 9.50 ዩሮ ነው፤ 75 ደቂቃ ያገለግላል። የሦስት ቀኑ 45 ነው። አምስት ጊዜ ከተሳፈራችሁ የሦስት ቀኑ ያዋጣል። በተሳፈራችሁ ቁጥር መሣሪያው ላይ አስነኩት። እኔ አንድ ጊዜ ትኬቱን ኪሴ ይዤው ሳላስነካ ገብቼ ተቀጥቻለሁ። የዚያን ቀን የሠራሁት በሙሉ ለቅጣት ሄደ።

የሙኒኳ
እግዜር ይስጥልኝ የኔ እህት! ቫላሬሶ፤ ጻፍኩት። ጀልባዋ ግን ትናወጣለች? እማዬ ጣና ላይ አንዴ ተሳፍራ ከዚያ ወዲህ ጀልባ ስሙንም አትወድም።

ፓዶቫ 11
ቦዩ ውስጥ ውሃው የተኛ ነው። የሚወዛወዘው መሳፈሪያው ነው፤ ውሃ ላይ ተንሳፋፊ ስለሆነ። ሠራተኛው ጀልባዋን በገመድ አስሮ በሩን እስኪከፍት ጠብቁ። ከዚያ ገብታ ወንበር ትያዝ፣ መስኮት ሥር።

ቡና ደርሷል
አትቀየሙኝና አንድ ነገር ልበል። ለሁለት ሰው ጀልባ ብቻ 90 ዩሮ! ባቡሩ አለ፣ ሆቴሉ አለ። ከተማው ራሱ መግቢያ ያስከፍላል አሉ። በዚህ ገንዘብ ጉልበቷን ለሐኪም ብታሳዪላት አይሻልም? እኔ በየወሩ ለቤተሰብ 200 እልካለሁ። አሁን ደግሞ ወንድሜ ባጃጅ ግዛልኝ ብሎ ይዞኛል። እኛ እዚህ ሽርሽር፣ እነሱ እዚያ...

የሙኒኳ
ወንድሜ፣ ጉልበቷን አሳይቻታለሁ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ነው ያለው፤ እሷ አልፈልግም አለች። ባጃጁን ለወንድምህ ግዛለት፤ የእናቴን ሒሳብ ለኔ ተወው።

ፓዶቫ 11
ስለ መግቢያው ላስተካክል። በ2024 ነው የጀመሩት፣ ለቀን ጎብኚ 5 ዩሮ። በ2025 በመጨረሻ ሰዓት ለሚመዘገብ 10 አደረጉት። ግን ሰው በሚበዛባቸው የተመረጡ ቀናት ብቻ ነው፣ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ባለው ጊዜ። ከተማው ውስጥ የሚያድር ሰው ደግሞ ነጻ ነው። ኖቬምበር ላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ውሃ ይነሣል፤ አኩዋ አልታ ይሉታል። ከባሕሩ የሚያግዱት ትልልቅ በሮች ከ2020 ጀምሮ ሥራ ላይ ናቸው። የሚነሡት ግን ውሃው 110 ሳንቲሜትር ይደርሳል ሲባል ነው። የሳን ማርኮ አደባባይ ዝቅተኛ ስለሆነ ከዚያ በፊትም ይረጥባል። ጠዋት ትንበያውን እዩ፣ ከቆዳ ጫማ ይልቅ ውሃ የማያስገባ ያዙ።

የመስትሬው
ብዙ ጊዜ እዚህ አልጽፍም። መስትሬ ከመጣሁ 12 ዓመት አለፈኝ። ቬኒስ በድልድይ አሥር ደቂቃ ነች። ቫፖሬቶ ላይ ግን አንድም ቀን ወጥቼ አላውቅም። እኔ ጣልያን የገባሁት በሊቢያ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሁለት ሌሊት ባሕር ላይ ነበርን። አሁንም የናፍጣና የጨው ውሃ ሽታ አንድ ላይ ከመጣ እግሬ አይታዘዘኝም። ሥራ ቦታዬ ቬኒስ መሐል፣ ሪያልቶ አጠገብ ነው። ከባቡር ጣቢያው በየቀኑ በእግሬ ነው የምሄደው፣ ዝናብም ቢሆን።

ለዚህ ነው ድልድዮቹን አንድ በአንድ የማውቃቸው። ከጣቢያው በሊስታ ዲ ስፓኛ እስከ ጉሊዬ ድልድይ ሜዳ ነው፤ ፓዶቫ ያለችው እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ድልድይ በድልድይ ነው። ጉግል ካርታን አትመኑት። ይህን ያህል ደቂቃ ይላል፤ ደረጃውን አይቆጥርም። ከጠፋችሁ ግድግዳ ላይ ያለውን ቢጫ ምልክት ተከተሉ። «ፔር ሳን ማርኮ»፣ «አላ ፌሮቪያ» የሚል አለ፤ ፌሮቪያ ጣቢያው ነው። የቤት ቁጥር አይረዳችሁም። ቁጥሩ የሚሄደው በመንገድ ሳይሆን በሰፈር ነው፣ በሺዎች ይቆጠራል።

እማማ ጀልባ ከፈሩ አትጫኚያቸው። መሳፈሪያው ላይ ትንሽ ቁሙ። ሁለት ሦስት ጀልባ ይለፍ። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው እንሂድ ካሉ ሂዱ።

ፓዶቫ 11
ወንድሜ፣ በየጠዋቱ አንድ ባቡር ላይ ሳንሆን አንቀርም እኮ። ቡና ልጋብዝህ፤ የብስ ላይ።

ደጀ ሰላም
ይቅርታ፣ ዋናው ነገር ተረሳ። ለመሆኑ ማርቆስ ቬኒስ ምን ያደርጋል? መንበሩ እስክንድርያ ነው። በ828 ሁለት የቬኒስ ነጋዴዎች ናቸው ሰርቀው የወሰዱት። ፈታሾቹ እንዳያዩ የአሳማ ሥጋ ከላይ አድርገው ነው ይባላል። አባቶቻችን እስከ 1951 ድረስ ጳጳስ ያስመጡ የነበረው ከማርቆስ መንበር ነው፤ ከግብፅ! በ1968 ደግሞ የሮማው ጳጳስ ከዐፅሙ ለካይሮ መልሰዋል። እህቴ፣ እናትሽን ካይሮ ውሰጃት። ደረጃም የለው፣ ጀልባም የለው።

የሚላኑ ጋሼ
የተመለሰው ከፊሉ ነው። የቀረው ታላቁ መንበር ሥር አለ። ደግሞ የእኛ ሰው ቬኒስን ዛሬ አይደለም የሚያውቃት። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብር ይዘው ለቬኒሱ ገዢ ስጦታ አምጥተዋል። ያን ጊዜ ካይሮ ሂዱ ያላቸው የለም።

ደጀ ሰላም
መልእክተኛ መላክና መስገድ አንድ ነው እንዴ ጋሼ? ያ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ፓዶቫ 11
አቦ ተዉ! ሴትየዋ ልሳለም ነው ያለችው። እህቴ፣ ለጸሎት የሚገባ ሰው ከጎብኚው ጋር አይሰለፍም። በስተሰሜን በኩል በር አለ፣ ፖርታ ዴይ ፊዮሪ ይባላል። በነጻ ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ነጠላዋን ካደረገች ማንም ምንም አይላትም። ትልቅ ቦርሳ ስለማያስገቡ ሆቴል ተዉት።

ደግሞ የመረጣችሁት ቀን! ኖቬምበር 21 የሳሉቴ በዓል ነው። በ1630 ወረርሽኝ ሲጨርሳቸው ለማርያም ተስለው የሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። በበዓሉ ሰሞን በትልቁ ቦይ ላይ ጊዜያዊ ድልድይ ዘርግተው ሕዝቡ ጧፍ ይዞ ይሻገራል። ቀኑ በእኛ ስንት እንደሆነ ቁጠሪ። ህዳር 12፣ ሚካኤል። አዲስ አበባ በህዳር በሽታ ምክንያት የሚታጠንበት ቀን። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን እዚያው ድልድዩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሰፈራችን ቆሻሻ ሲቃጠል ያለው ጭስ ሸተተኝ።

ቡና ደርሷል
እኔም ናፈቀኝ አሁን። እናቴ በዚያ ቀን የቤቱን አሮጌ ነገር ሁሉ ጠራርጋ ታወጣ ነበር። አንድ ጊዜ የትምህርት ደብተሬን አቃጥላለች። እህቴ፣ ስለ ቅድሙ ይቅርታ። የወንድሜ ባጃጅ ነው ያናገረኝ።

የሙኒኳ
ምንም አይደል። ሁሉንም አነበብኩላት። ሚካኤል መሆኑን ስትሰማ ጀልባውን ረስታ ሻንጣዋን ማዘጋጀት ጀምራለች። ነጭ ልብሷን አጥባ ራዲያተሩ ላይ ሰቅላለች። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። መድኃኒት ስለምትወስድ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይይዛታል። ቫላሬሶ አካባቢ ሽንት ቤት አለ?

ደጀ ሰላም
«ከፊሉ» ላሉት ጋሼ፣ ከፊሉ ከተመለሰ መመለስ እንዳለበት አምነዋል ማለት ነው። የቀረውስ ለምን ቀረ?

የሚላኑ ጋሼ
ልጄ፣ አንተ ገና ልጅ ነህ። እስቲ ከ828ቱ ጀምሬ በዝርዝር ላስረዳህ።