የገላ ስፖንጄን ፈትቼ እንደ አዲስ ልሰራት ነው፣ መሃሏ ለምን አይደርቅም?

ቱባ_ክር፦
ሰላም ናችሁ የድሬ ልጆች፣ ሐረርም ያላችሁ። ጥያቄዬ ያስቃችሁ ይሆናል ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ያቺ እንደ አበባ የተጨማደደች የመረብ ስፖንጅ አለች አይደል፣ ታይዋን ገበያ በየሱቁ ደጃፍ እንደ ሽንኩርት ተንጠልጥላ የምትሸጠዋ፣ እሷን ነው የማወራው። በዚህ ሙቀት በቀን ሁለቴ ነው የምንታጠበው፣ ያው ውሃ ከመጣ ማለቴ ነው፣ እና በሁለት ወር ሁለት ገዛሁ። የመጀመሪያዋ መሃሏን የያዘው ክር ተበጠሰና ሳሙና እየመታሁባት እጄ ላይ ተዘረገፈች፣ ሦስት ሜትር የሚሆን የመረብ ቱቦ እግሬ ላይ ተጠምጥሞ ባልዲውን ደፋሁት፣ የዛን ቀን የነበረችኝ ውሃ እሷው ነበረች። ሁለተኛዋ አልተፈታችም ግን ሸተተች። ላይዋን ስነካት ደረቅ ናት፣ ጣቴን ወደ ቋጠሮዋ ስከት ግን ጠዋት ታጥቤባት ማታም እርጥብ ነው፣ ነጭ ነገር ተጋግሮባት ያሟልጫል። ጀርባዬም ላይ ትንንሽ ቀይ ነገር ወጣብኝ፣ ከሙቀቱ ይሁን ከሷ እንጃ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሳቢያን ትንሽ ቤት አለችኝ፣ የቬሎ ቱል ቁርጥራጭ በጆንያ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል። እና ለምን ራሴ የተሻለች አልሰራም አልኩ። ሀሳቤ ምን መሰላችሁ፣ ቋጠሮዋ የሚፈታ እንዲሆን ነው፣ ስትታጠብ ኳስ ትሆናለች ስትጨርስ ፈታ አድርገህ እንደ ነጠላ ገመድ ላይ ታሰጣታለህ። ግን ያልገባኝ ነገር አለ፣ ቱል ይሻላል ወይስ እነሱ የሚጠቀሙት ዓይነት ፕላስቲክ መረብ፣ ደግሞ ያየችኝ ጎረቤቴ «ሻከር ያለ አድርጊው፣ ፈትጎ ካላወጣ ምኑን ታጠብኩት» ትላለች። የምታውቁ ካላችሁ በናታችሁ።

ሸማኔው_ከከዚራ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው ምን ያስቃል። ቴክስታይል ነው የተማርኩት፣ ስራዬ አሁን ሌላ ቢሆንም ይሄን ይሄን አልረሳሁም። መጀመሪያ ያቺ የፈታሻት መረብ ተሸምና የተሰራች እንዳይመስልሽ፣ በደንብ ብታያት ቋጠሮም የለባት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ብሪያን መርሰር የሚባል እንግሊዛዊ ያመጣው ዘዴ አለ፣ የቀለጠ ፕላስቲክ ቀዳዳ በበዛባቸው ሁለት ክብ ብረቶች መሃል ይወጣል፣ ሁለቱ በተቃራኒ ይዞራሉ፣ ቀዳዳዎቹ ሲገጣጠሙ አንድ መገናኛ ይፈጠራል ሲለያዩ ሁለት ክር ይሆናል፣ ከታች ዝም ብሎ የመረብ ቱቦ ሆኖ ይወርዳል። የሽንኩርቱ ቀይ መረብም የአጎት ልጅ ነው በይው። ለዛ ነው መረቡ ራሱ የማይተረተረው፣ የሚበጠሰው መሃል ላይ ያሰሩበት ክር ነው፣ እሱን ደግሞ በጣም ርካሽ ነገር ነው የሚያስሩበት።

መሃሉ ለምን አይደርቅም ላልሽው፣ አረፋ የሚያበዛው ነገር ራሱ ነው ጠላቱ። አረፋ ማለት በየቀዳዳው የሳሙና ውሃ እንደ ስስ ወረቀት ተዘርግቶ አየር ሲይዝ ነው፣ ቀዳዳና ድርብርብ በበዛ ቁጥር አረፋ ይበዛል፣ ግን ቋጠሮው ጋ ያ ሁሉ ድርብርብ ተጨምቆ ስለሚታሰር ውሃው ይገባል አየሩ አይገባም። ስለዚ የሚፈታ ያልሽው ሀሳብ ትክክለኛ ቦታውን ነው የነካሽው፣ ሌላውን ሁሉ ብትተይ እንኳን እሱን እንዳትተዪ።

ወደ ጨርቁ ስንመጣ ናይለን ራሱ ውሃ ይጠጣል፣ ትንሽ ቢሆንም ይጠጣል። ፖሊኢቲሊን የሚባለው፣ ያ ፌስታል የሚሰራበት ፕላስቲክ፣ ጨርሶ አይጠጣም ማለት ይቻላል፣ ፖሊስተርም በጣም ጥቂት ነው። ቱል ደግሞ ናይለንም ፖሊስተርም አለ ባለሱቁ ራሱ አያውቀውም። ፖሊኢቲሊኑን መለየት ከፈለግሽ ግን ቀላል ነው፣ ቆርጠሽ ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ አየሩ እስኪወጣ እሺው፣ ከሦስቱ የሚንሳፈፈው ፖሊኢቲሊን ነው፣ ናይለንና ፖሊስተር ይሰምጣሉ።

ገመዱን ጥጥ እንዳታደርጊው፣ ሲባጎ ይሻላል። ፀሐይ ላይም ቀኑን ሙሉ አትተዪያት፣ የድሬ ፀሐይ ፕላስቲክ አድርቆ ይሰባብራል፣ ንፋስ ያለው ጥላ ይበቃል።

አሸዋ_ሰፈር፦
አቦ አንድ ስፖንጅ ነው እኮ፣ ኮንዶሚኒየም የምትሰሩ አስመሰላችሁት። እጅ ምን ሆነ?

መልካጀብዱ_ነኝ፦
@አሸዋ_ሰፈር እጅህ ጀርባህ ጋ ይደርሳል? እንግዲያው እሰየው።
ቱባዬ ያ የሚያሟልጨው ነጭ ነገር ግማሹ የውሃችን ነው። የድሬ ውሃ ኖራ አለበት፣ ማንቆርቆሪያሽን ከፍተሽ እይው እስቲ። የደረቅ ሳሙና ከዛ ኖራ ጋር ሲገናኝ አረፋ መሆኑን ትቶ እንደ አተላ ይሆናል፣ ሻወሩ ግድግዳ ላይ የሚቀረው ነጭ እሱ ነው፣ መረቡ ላይም እሱ ነው የሚጋገረው። እኔ በየሳምንቱ አቼቶ በውሃ አቅጥኜ ግማሽ ሰዓት እዘፈዝፈዋለሁ፣ ሎሚም ይሰራል፣ ከዛ አሸት አሸት ሲደረግ ይለቃል። ፈሳሽ ሻወር ጄል የምትጠቀሚ ከሆነ ይሄ ችግር ብዙም የለም፣ ዋጋውን ግን ታውቂዋለሽ። ደግሞ ለማንኛውም በረኪና ጣል አድርጊበት ጥንቅቅ አድርጎ ነው የሚያጸዳው።

ነርስ_ናት፦
ቆይ ቆይ መልካጀብዱ፣ እዚህ ጋ ላስቁምህ። አቼቶና በረኪና አንድ ላይ እንዳይሆን! ሎሚም ቢሆን ያው ነው። አሲድ በረኪና ላይ ሲገባ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ ያቺ መስኮት የሌላት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ሳንባ ነው የሚያቃጥለው። አንዱን ዛሬ አድርገህ በደንብ አለቅልቀህ ሌላውን ሌላ ቀን። በረኪናውም ብቻውን አይደለም፣ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ፣ አምስት ደቂቃ፣ ከዛ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ። ቱሉ ናይለን ከሆነ በረኪና እየበላው ይሄዳል እሱንም እወቁት።

ቱባ ክር እህቴ ጀርባሽን ሳላይ ምንም ማለት አልችልም፣ ሙቀትም ይሆናል የፀጉር ስር ቁጣም ይሆናል። ግን ስፖንጁን መጠርጠርሽ ልክ ነሽ። እ.ኤ.አ. በ1994 ጆርናል ኦፍ ክሊኒካል ማይክሮባዮሎጂ ላይ የወጣ ጥናት ነበር፣ በሉፋ ላይ ነው፣ ያ የቅል ዘመድ ከሆነው ተክል የሚሰራው መፈተጊያ፣ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ፕሱዶሞናስን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች እንደሚራቡበትና ወደ ቆዳም እንደሚያልፉ አሳይቷል። ምግባቸው ደግሞ ከኛው ገላ ተፍቆ የሚቀረው የሞተ ቆዳ ነው። የፕላስቲኩ መረብ ከሉፋው ይሻላል ግን ከቆየ ያው ነው፣ ለዛ ነው በየሁለት ወሩ ገደማ ቀይሩ የሚባለው። አሁን ቀዩ እስኪጠፋ ጀርባሽን በእጅና በሳሙና ብቻ፣ መግል ከያዘ ወይ ካልተሻለሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

የጎረቤትሽን ነገር ደግሞ አትስሚያት ይቅርታ አድርጊልኝና። ሻካራ ይሁን ማለት የኛ ሰው አመል ነው፣ ካልቀላ አልታጠብኩም ይላል። በጃፓን ሰዎች በናይለን ፎጣ ለዓመታት ሲፈትጉ የትከሻ አጥንት፣ የአንገት ስር አጥንትና አከርካሪው ላይ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ቀርቶባቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሐኪሞቹ ጽፈውበታል። ብዙውን ጊዜ አጥንት ቆዳው ስር ቅርብ የሆነበት ቦታ ላይ ነው የሚመጣው። ሰዉ ደግሞ ጠቆረ ብሎ ይብስ ይፈትገዋል! ስለዚ ለስለስ ያለ አድርጊው፣ ፊት ላይ እንዳይጠቀሙበት ንገሪያቸው፣ አንዱን ስፖንጅ ለቤተሰብ በሙሉ ማድረግም ይቅር።

ከጀጎል_ውስጥ፦
ልጄ እኔ እንኳ ስለ ፕላስቲኩ አላውቅም፣ እኛ ያደግነው በቃጫ ነው። እናቴ ቃጫውን ደህና አድርጋ ታሸውና ለስልሶ እንደ ፀጉር ሲሆን ነበር የምታጥበን፣ ሲያልቅም እሱን ጥላ ሌላ ነው። የምልሽ ግን ሌላ ነው፣ እዚህ ሐረርም እናንተ ጋም ቀሲል የምንጠቀም ብዙ ነን፣ ያ ከቅጠል የሚፈጨው አረንጓዴው ዱቄት፣ ራሱ አረፋ ያወጣል ሳሙና አይፈልግም። ልጄ ያመጣችልኝ ስፖንጅ ላይ አድርጌው ዱቄቱ መሃሏ ገብቶ አልወጣ አለ፣ በሦስተኛው ቀን እንደ ቦካ ሽታ አመጣች፣ ጣልኳት። እና ለቀሲል የምትሰሪ ከሆነ ቀዳዳው ሰፋ ይበል፣ ድርብርቡም ይቀነስ። ደግሞ እኔ እጄ ወደ ኋላ አይሄድልኝም፣ ኳስ ምን ያደርግልኛል፣ በሁለት እጅ ይዤ ጀርባዬን የማሽበት ረጅም ነገር ነው የምፈልገው።

ቱባ_ክር፦
ይሄው ሦስት ሳምንት ሞክሬ መጣሁ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነርሷ ያልሽውን ሰምቼ በእጄ ብቻ ታጠብኩ፣ ጀርባዬ ጠፋ፣ አልሃምዱሊላህ።

የመጀመሪያዋን ከቬሎ ቱል ሰራኋት። አንድ ሜትር ከሃምሳውን በሃያ ሳንቲ ስፋት ቆራርጬ፣ አስራ ሁለት ንብርብር፣ መሃሉን እንደ አኮርዲዮን አጥፌ ሲባጎ አሳለፍኩበት። ማጥበቂያ ያደረኩት ያቺ ጃኬት ገመድ ላይ ያለችውን ተጫን ለቀቅ የምትለዋን ነው፣ በጣም ኮርቼባት ነበር። በዘጠነኛው ቀን አልለቅም አለች። ሰብሬ ሳያት ውስጧ ያለችው ትንሿ ሞላ ዝጋ ውሃው ቡናማ ሆኗል፣ ሲባጎውም ቱሉም ዝገት ጠጥቷል። ሌላው ስህተቴ ደግሞ የቱሉን ጠርዝ በሻማ ለብልቤው ነበር እንዳይተረተር ብዬ፣ ቱል ግን አይተረተርም እኮ፣ ስንት ዓመት ቬሎ ሰፍቼ እንዴት ረሳሁት፣ የቀለጠው ጠርዝ ሲደርቅ እንደ አሸዋ ፍሬ ሆኖ ክንዴን ቧጨረኝ። ለጎረቤቴ ሰጠኋት፣ ወደደችው!! ነርሷ እንዳታኮርፊብኝ፣ የአንገት አጥንቱን ነገር ነግሬያታለሁ አልሰማችም።

ሁለተኛዋ ላይ ሞላውን ትቼ ትልቅ የካፖርት ቁልፍ አደረኩ፣ አራት ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ። ሲባጎው በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሰያፉ ይወጣል፣ ስትስቢው ራሱን ይይዛል፣ ቁልፉን ጋደም ስታደርጊው ይለቃል። የሚዝግ የለው የሚሰበር የለው። ሳሙና ሲነካው ግን አንሸራተተኝ፣ ስለዚ ክሩን ሁለቴ ዞር አድርጌ አሳለፍኩት፣ አሁን ይዟል። ጠርዙንም አልነካሁትም ዝም ብዬ በመቀስ ብቻ። ቱሉን መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አሳድሬ ነው፣ ያ እንደ ስታርች የሚያቆመው ነገር ሲወጣ ሌላ ጨርቅ ነው የሚሆነው።

ከዛ አንድ ቀን የተገዛችዋንና የኔዋን አንድ ላይ አርጥቤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በረንዳ ጥላው ላይ ሰቀልኳቸው። የኔዋ ተፈታ ስለተሰጣች ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ደርቃለች፣ ያችኛዋን አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ጣቴን ስከት መሃሏ አሁንም ቀዝቃዛ። ሸማኔው ትክክል ነህ። የድሮዋን ቆርጬ ሳሙና ውሃ ውስጥ ስከትም ተንሳፈፈች፣ ፖሊኢቲሊን ናት። የኔ ቱል ሰመጠ፣ ናይለን ይሁን ፖሊስተር ግን አልለየሁም፣ ለጥንቃቄ በረኪና አላደርግባትም፣ አቼቶ ብቻ።

አረፋዋ ግን ከሱቋ ያንሳል እውነቱን ልናገር። ንብርብሩን አስራ ስምንት ሳደርገው ጨመረ፣ ማለቅለቂያ ውሃው ደግሞ አንድ ጣሳ ተኩል ፈጀብኝ፣ በዘጠኝ ጣሳ ለምንታጠብ ሰዎች ያ ብዙ ነው። ወደ አስራ አራት መለስኩት፣ እሱ ላይ ቆምኩ።

ሸማኔው_ከከዚራ፦
ቁልፉ ቆንጆ ነው አላሰብኩትም ነበር። ናይለንና ፖሊስተር ለመለየት ውጪ ሆነሽ ጫፉን ለኩሰሽ አጥፊው፣ ፖሊስተር ጥቁር ጭስ ነው የሚያወጣው፣ ቱል ቶሎ ስለሚያያዝ በወረንጦ ያዢው እጅሽን እንዳትቃጠዪ። አንድ ሰው ቀቅላት ቢልሽ ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 96 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፣ ቱልሽን አያቀልጠውም፣ የሱቋን ግን ቅርጿን ያበላሻታል።

ከጀጎል_ውስጥ፦
የኔዋስ ልጄ?

ቱባ_ክር፦
እናቴ ያንቺዋ ተቆርጣለች፣ ከሱቅ መረቡን ፈትቼ ነው የሰራሁት ቀዳዳው ሰፋ ስለሚል ቀሲሉ እንዲወጣልሽ። ርዝመቷ 80 ሳንቲ ሆኗል፣ በሁለቱም ጫፍ እጅ የሚያስገባ ቀለበት አለው። ብቻ ቀለበቱ ለእጅሽ ይጥበብ ይስፋ ስላላወቅኩ አልሰፋሁትም፣ መዳፍሽን በክር ለክተሽ ስንት ጣት እንደሆነ ንገሪኝ፣ ቅዳሜ ሐረር የሚወጣ ሚኒባስ አስይዤ እልክልሻለሁ።

አሸዋ_ሰፈር፦
ለኔም አንድ ረጅም። ሰማያዊ ካለ።