የቆየ የጀልባ ሞተር በሙሉ ፍጥነት ላይ እያለ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦
ነዋሪነቴ አቃቂ ሲሆን፣ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ የምንጠቀምባት ጀልባ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለ፣ ባለ ሁለት ምት፣ 25 የፈረስ ጉልበት ያለው ከኋላ የሚሰቀል ሞተር አላት። ሞተሩ በቀላሉ ይነሳል፤ በሚኒሞም (ቤንዚን ሳይጨመርለት በዝግታ ሲሽከረከር) ያለ ችግር ይሠራል። ነገር ግን በሙሉ ፍጥነት ለሩብ ሰዓት ያህል ከተጓዘ በኋላ ጉልበቱ ቀስ በቀስ እየደከመ ይጠፋል፤ ጥቂት ከጠበቅን ደግሞ ምንም እንዳልነካው ይነሳል። ካንዴላዎቹን ቀይሬአለሁ፤ ካርቡራተሩንም አጽድቻለሁ። ሞተሩን ፈትቼ ግቢዬ ድረስ አምጥቼ ውኃ በሞላሁት በርሜል ውስጥ ሳስነሳው ግን አይጠፋም። ፍተሻውን ከየት ልጀምር?

መልስ 1፦
ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚያ የሚሰጠው ቤንዚን ከአየሩ መጠን ይበልጣል። ካርቡራተሩን ለከፍታው ቢያስተካክሉት ይሻላል።

መልስ 2፦
ከፍታው ጉልበት እንደሚቀንስና ካንዴላ እንደሚያጠቁር እስማማለሁ፤ ሆኖም ለሩብ ሰዓት በደንብ የሠራን ሞተር በድንገት ሐሳቡን አያስለውጠውም። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው መረጃ አጠፋፉ ነው። የእሳት ችግር ቢሆን፣ ለምሳሌ ሲሞቅ የሚደክም ቦቢና (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው የሽቦ ጥቅል) ወይም የላላ የማጥፊያ ሽቦ ቢኖር፣ ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ቁልፍ እንደተዘጋበት በአንድ አፍታ ይቆማል፤ እየደከመ የሚጠፋው ግን በአብዛኛው ቤንዚን አጥሮት ነው። የበርሜሉ ሙከራም ያሳሳተዎት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ይህን ያህል ጉልበት ያለው ሞተር በሙሉ ፍጥነት በሰዓት ወደ 10 ሊትር ሲፈልግ፣ በሚኒሞ የሚበቃው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ግማሽ የተዘጋ መስመር እንኳ ያደርስለታል።

ስለዚህ ሐይቁ ላይ ሌላ ሰው ይዘው፣ መቅዘፊያና የመንሳፈፊያ ሰደርያም ሳይረሱ፣ ሞተሩ መድከም ሲጀምር በነዳጅ ቱቦው መካከል ያለችውን በእጅ የምትጨመቅ የጎማ ፓምፕ እንዲጨምቋት ያድርጉ። ስትጨመቅ ሞተሩ ነፍስ ከዘራ፣ በሞተሩ የነዳጅ ፓምፕ ውስጥ ያለው ቤንዚን የሚገፋው ስስ ሽፋን (ዲያፍራም) ደክሟል ወይም መስመሩ አየር ይስባል። ጎማዋ ራሷ ተጣብቃ ከተገኘች ግን መዘጋቱ ከእርሷ ወደ ሳልባትዮው (የነዳጅ ማጠራቀሚያው) ባለው በኩል ነው፤ ያኔ በመጀመሪያ የሳልባትዮውን ክዳን የአየር ማስገቢያ ይመልከቱ።

ጠያቂው፦
እናመሰግናለን። ጎማዋ ጠፍጣፋ ሆና አገኘናት፤ የአየር ማስገቢያው ግን ክፍት ነበር፤ ክዳኑን ጨርሰን ብንከፍተውም ለውጥ አላመጣም።

መልስ 2፦
እንግዲያው የሚቀረው ሳልባትዮው ውስጥ ያለው የመሳቢያ ቱቦ ወንፊትና ከጎማዋ በፊት ያለው ቱቦ ነው። የቆየ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ የውስጥ ሽፋኑ ይላጥና ቤንዚን በኃይል ሲሳብ መንገዱን ይዘጋል፤ ሞተሩ ሲቆም ሽፋኑ ወደ ቦታው ስለሚመለስ እንደገና ይነሳል። ወንፊቱን አጽድተው ቱቦውን ለቤንዚን በተሠራ ይቀይሩት፤ የውኃ ጎማ አያገለግልም። እስከዚያ በሙሉ ፍጥነት አይንዱት፤ በባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚደርስ፣ ቤንዚን ሲያጥረው ፒስተኑ ቅባትም ያጣል።