ጥያቄና መልስ፦ የጥንቸሉን ሳሙራይ ኮሚክ ከየት እንጀምር?

የናሆም አባት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 12 ዓመቱ ነው። በኒንጃ ኤሊዎቹ ካርቱን ላይ ብቅ የሚለውን ጥንቸል ሳሙራይ ካየ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ጥንቸሉ የራሱ ኮሚክ እንዳለው ገና አሁን ነው የሰማሁት። «ኡሳጊ ዮጂምቦ» ይባላል፤ የሚጽፈውም የሚሥለውም ስታን ሳካይ ነው። ቅጾቹ ግን ከ30 በላይ ናቸው፣ ከየት እንደሚጀመር ግራ ገባኝ። ብዙ ሰው የሚያደንቀው 12ኛውን ቅጽ፣ «ግራስከተር» የሚባለውን፣ የሣር አጫጁን ሰይፍ ታሪክ ነው። ለልደቱ እሱን ብገዛለት ይገባዋል? ደም የበዛበት ከሆነስ? አብሬው ላነብ ነው ያሰብኩት። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ቀለም ቀንድ

ወንድሜ፣ ደግ አባት ነህ። «ግራስከተር» በእርግጥም የተከታታዩ ቁንጮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አይዝነር የሚባለውን ትልቅ የኮሚክ ሽልማት ያገኘው በከንቱ አይደለም። ግን በእሱ አትጀምር።

ምክንያቱን ልንገርህ። ታሪኩ ውስጥ የሚሰባሰቡት ሰዎች (እንስሳት ማለቴ ነው) ቀድሞ የሚታወቁ ናቸው። ጌን የሚባለው አውራሪስ አለ። ቀንዱ የተሰበረ፣ ወንጀለኛ እያደነ የሽልማት ገንዘብ የሚቀበል፣ ሂሳብ ሲመጣ ጥንቸሉን ኡሳጊን ትቶ እብስ የሚል። ቶሞዬ አለች፤ ድመት ናት፣ የወጣቱ ፓንዳ መስፍን የኖሪዩኪ ጠባቂ። ሳንሾቦ አለ፤ ድሮ ሳሙራይ የነበረ አሁን መነኩሴ የሆነ። እነዚህን ሳታውቅ ብትገባ ውጊያውን ታያለህ እንጂ ማን ለምን እንደሚጨነቅ አይገባህም።

2ኛውን ቅጽ ግዛለት። ርዕሱ «ሳሙራይ» ነው። ኡሳጊ የልጅነቱን ታሪክ ለጌን ያጫውተዋል። ካትሱይቺ ከሚባል አንበሳ መምህር ዘንድ ተራራ ላይ እንዴት እንደተማረ፣ ጌታው ሚፉኔ በአዳቺጋሃራ ጦርነት እንዴት እንደወደቀ፣ እሱም ጌታ የሌለው ሳሙራይ፣ ሮኒን፣ ሆኖ እንዴት እንደቀረ። የልጅህ ዕድሜ ልጅ ያንን የተማሪ ቤት ክፍል ካነበበ በኋላ መጽሐፉን አያስቀምጠውም።

ብሌን

ጋሼ፣ ቀለም ቀንድ ባለው እስማማለሁ፤ ግን አንድ ነገር ልጨምርልዎት። ከ2 ቀጥሎ 4ኛውን፣ «ድራጎን ቤሎው ኮንስፒረሲ»ን ያንብቡ። አንድ መስፍን በድብቅ ጠመንጃ አከማችቶ በሾገኑ፣ አገሩን በሚገዛው የጦር አለቃ፣ ላይ ሊያምፅ ሲያሴር የሚያሳይ ረጅም ታሪክ ነው። «ግራስከተር»ም የሤራ ታሪክ ስለሆነ መንገዱን ይጠርግልዎታል። ኒንጃዎቹንም ከጌንና ከቶሞዬ ጋር እዚያው ይተዋወቋቸዋል።

የቀረውን ዝም ብሎ መዝለል ይቻላል። ብዙው አጭር አጭር ታሪክ ነው፤ ኡሳጊ አንድ መንደር ይደርሳል፣ ችግር ይገጥመዋል፣ ይቀጥላል። ደግሞ እኔ ከውጊያው በላይ የምወዳቸው እነዚያን ነው። ስለ ካይት (በነፋስ ስለሚበረው የወረቀት መጫወቻ) ሠሪው የተጻፈው አንዱ ነው። ቀርከሃው ሲሰነጠቅ፣ ወረቀቱ ሲለጠፍ፣ አንድ በአንድ ያሳይዎታል።

የሁለቱ እናት

ስለ ደሙ የጠየቅከውን ማንም አልመለሰልህም። ከልጆቼ ጋር አንብቤዋለሁ፤ ትልቁ 13 ዓመቱ ነው።

ሰው ይሞታል፤ ብዙ ሰው ይሞታል። ግን ሆድ ዕቃ ሲዘረገፍ አታይም። ሳካይ አንድ ብልሃት አለው። አንዱ ሲሞት ንግግር በሚጻፍበት ክብ ውስጥ ትንሽ የራስ ቅል ይሥላል። በቃ፤ መሞቱ ይገባሃል። ሥዕሉም ጥቁርና ነጭ ነው፣ ቀይ ነገር የለበትም። አዲሶቹ ቅጾች ላይ ቀለም የገባው እ.ኤ.አ. በ2019 አይዲደብሊው የሚባል አሳታሚ ሲረከበው ነው።

የሚያስፈሩት ነገሮች ሌሎች ናቸው። 2ኛው ቅጽ ላይ ኡሳጊ የጌታው ራስ በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ይዞት ይሸሻል። «ግራስከተር» ደግሞ ሲጀምር የጃፓንን አፈ ታሪክ ያነሳል። ኢዛናጊ የሚባለው አምላክ የሞተች ሚስቱን ፍለጋ ሙታን ዓለም ወርዶ በስብሳ ያገኛታል። ከዚያ ጄይ አለ። ዓይኑ ብሌን የለውም፣ ጦር ይዞ ይዞራል፣ አማልክት ክፉዎችን እንዲያጠፋ እንደላኩት ያምናል፤ ክፉ የሚለው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ነው። ታናሹ ልጄ በጄይ ምክንያት መብራት አጥፍቶ አልተኛም ብሎ አስቸግሮኛል። ለ12 ዓመት ልጅ፣ በተለይ አባቱ አጠገቡ ካለ፣ ምንም አይደለም።

የናሆም አባት

እግዜር ይስጥልኝ! አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። አንድ ሰይፍ ይህን ሁሉ ሰው የሚያተራምሰው ለምንድን ነው? ልጁ መጠየቁ አይቀርም፤ መልስ ይዤ ልጠብቀው።

ዳማ

ይሄ ጥያቄ የታሪኩ እምብርት ነው፤ ደስ ብሎኝ ልመልስ።

ሰይፉ ኩሳናጊ ይባላል። የሳካይ ፈጠራ አይደለም። ከመስተዋቱና ከዕንቁው ጋር ከጃፓን ነገሥታት ሦስት የሥልጣን ምልክቶች አንዱ ነው። በአፈ ታሪኩ ሱሳኖኦ የተባለው አምላክ ስምንት ራስ ያለውን ዘንዶ በሳኬ፣ በሩዝ መጠጥ፣ አስክሮ ገደለውና ከጅራቱ ውስጥ አወጣው። ኋላ ያማቶ ታኬሩ የሚባለው ልዑል ጠላቶቹ ሣር ሜዳ ላይ እሳት ለቀውበት ሣሩን በዚህ ሰይፍ አጭዶ አመለጠ።

ከዚያ 1185 መጣ። በዳን-ኖ-ኡራ የባሕር ላይ ጦርነት ታይራ የሚባለው የመኳንንት ወገን ተሸነፈ። አያትየዋ ሕፃኑን ንጉሠ ነገሥት አንቶኩን አቅፋ ባሕር ውስጥ ገባች። ሰይፉም አብሮ ሰጠመ ይባላል። ሳካይ ይህን ሁሉ ከዋናው ታሪክ በፊት ሥሎታል። ገጾቹን እንዳትዘሉ።

ኮሚኩ የሚካሄደው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ኪዮቶ ተቀምጧል፣ ሥልጣኑ ግን ኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) ባለው ሾገን እጅ ነው። ለልጅህ የዘመነ መሳፍንትን የጎንደር ነገሥታት ብትነግረው ወዲያው ይገባዋል። እንግዲህ ሤረኞች ሰይፉን ከባሕር አውጥተው ንጉሡን በሾገኑ ላይ ሊያስነሡ ይፈልጋሉ። በአጋጣሚ ኡሳጊ እጅ ይገባል።

እዚህ ላይ ነው እኔ ይህን ታሪክ ከሁሉም የማስበልጠው። ለማን ይስጠው? ለንጉሡ ቢሰጥ ጦርነት ነው። ለሾገኑ ቢሰጥ የባሰ ጉልበት ይሆነዋል። ሚፉኔን የገደለው ሂኪጂ እጅ ቢገባ አገር ይጠፋል። ለራሱም አይመኘውም። ድንቅ የሰይፍ ተዋጊ በጃፓን ትልቁን ሰይፍ ይዞ የሚያስበው እንዴት ማንም ሳያውቅ እንደሚገላገለው ነው። ሌላ ጀብዱ ላይ ጀግናው ሰይፉን ይዞ ይነግሣል። ናሆምን መልሱን ሳትነግረው መሀል ላይ አቁመህ «አንተ ብትሆን ለማን ትሰጥ ነበር?» በለው።

ቀለም ቀንድ

ዳማ፣ አፌ ላይ ያለውን ወሰድከው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ነገሩ 12ኛው ላይ አያልቅም። ሰይፉ ሳንሾቦ ቤተ መቅደስ ይቆይና፣ ወደ አትሱታ መቅደስ የሚደረገው ጉዞ 15ኛው ቅጽ ላይ ነው። ኒንጃዎች ከሁለት ወገን የሚያሳድዷቸው እዚያ ነው። 13 እና 14 ለብቻቸው የቆሙ ታሪኮች ናቸው፤ ልጁ ከቸኮለ ዘልሎ ይመለስባቸው።

ብሌን

ስለ ግዢው ጋሼ፦ የመጀመሪያዎቹ 7 ቅጾች ፋንታግራፊክስ የሚባል አሳታሚ ናቸው፤ ከ8 ጀምሮ ያሉትን ጥቁርና ነጭ ቅጾች ዳርክ ሆርስ የሚባል ሌላ አሳታሚ ነው ያሳተማቸው። አንድ ቦታ ፈልገው ካጡት ለዚህ ነው። ዳርክ ሆርስ ወፋፍራም ጥራዞችም አሉት፣ «ሳጋ» የሚባሉ። 2ኛው «ሳጋ» ከ11 እስከ 13 ያሉትን ቅጾች ይዟል፤ 3ኛው ከ14 እስከ 16። ስለዚህ «ሳጋ» 2 እና 3 ካሉ ሰይፉን ከአፍ እስከ ገደፉ አገኙት ማለት ነው። ቁጥሩን ግን አያምታቱ፤ «ሳጋ 2» እና «ቅጽ 2» የተለያዩ ናቸው። ውጭ አገር ከሆኑ ደግሞ ከመግዛትዎ በፊት የሰፈርዎን ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ፤ ከሌላ ቅርንጫፍ ሊያስመጡልዎት ይችላሉ።

የናሆም አባት

ተባረኩ! ቅጽ 2ን ለልደቱ እገዛለሁ፣ 4ኛውን ከቤተ መጻሕፍት እጠይቃለሁ። «ሳጋ 2»ን ደግሞ ለክረምት እረፍቱ ደብቄ አቆየዋለሁ። የሁለቱ እናት፣ ስለ ጄይ ስላስጠነቀቅሽኝ ልዩ ምስጋና። የማታ ንባባችንን ቀን እናደርገዋለን።