ጭንቀት ሲበዛባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

የሆጤዋ፦
ሰላም የደሴ ልጆች። ሰኞ ገበያ የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። በ2014 ጦርነቱ ከተማው ሲገባ ሱቄ ባዶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የቆምኩት በብድር ነው። እቁብ አለ፣ ኪራይ አለ፣ በዱቤ ዕቃ የሰጡኝ ሰዎች አሉ።

ቀን ቀን ደህና ነኝ። ገዢ አለ፣ ጨዋታ አለ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ነው ልቤ ድው ድው የሚለው። ጎረቤቶቼ "ቡና አፍይና ጠጪ፣ ይለቅሻል" ይሉኛል። እውነት ነው፣ ቡናው ሲቆላ ቀለል ይለኛል። ግን አልጋ ላይ ስገላበጥ አመሻለሁ። ከዚያ ስልኬን አነሳለሁ። ቲክቶክ ሳይ የሱብሂ አዛን ይደርሳል።

ወንድሜ ደግሞ ከሰዓት ጫት፣ ማታ ምርቃናውን መስበሪያ ቢራ። "ጭንቀቴን የማባርረው በዚህ ነው" ይላል። እናንተስ? ጊዜ የሚያሳልፍ ሳይሆን በእውነት የሚያሳርፍ ነገር ንገሩኝ።

ነርሷ፦
አይዞሽ እህቴ። እዚሁ ደሴ ነው የምሠራው፤ ግፊት ልንለካቸው ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚያወሩኝ ይህንኑ ነው። ቡናውን አትተዪ፣ ሰዓቱን ቀይሪው። ካፌይን ከጠጣሽው 5 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላም ግማሹ ሰውነት ውስጥ አለ። ማታ 1 ሰዓት የጠጣሽው አቦል እኩለ ሌሊት ላይ ገና እየሠራ ነው። ጠዋት ጠጪ። ማታ ጎረቤቶችሽ ሲሰበሰቡ አብረሽ ተቀመጪ፣ ለራስሽ ግን የጦስኝ ሻይ አፍይ። የሚያቀልሽ ከሲኒው ይልቅ ወሬው ይመስለኛል።

ወንድምሽ ያሳስበኛል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምት ያፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። በምርቃናው ሰዓት ዕዳው ሁሉ ይከፈላል፣ ዕቅዱ ሁሉ ይሳካል። ሲወርድ ድብርቱ ይመጣል። ቢራው የሚገባው ያኔ ነው። ቢራ ቶሎ ያስተኛል፣ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ደክሞት ይነሳል፣ ከሰዓት እንደገና ጫት ያምረዋል። እኔ ሰውን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በማግስቱ ጠዋት እንዴት ሆነህ ተነሳህ?

ቦርከና፦
ነርሷ ልክ ናት። አንድ ነገር ልጨምር። ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ሚኒባስ እነዳለሁ። መናኸሪያ አብሮኝ ተራ የሚጠብቅ ጓደኛ ጫት ተወ። በርጫ ቤት የቀሩት ጓደኞቹ አንድ ቀን እንኳ አልደወሉለትም። ከሰዓት በኋላ ብቻውን ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ሰነበተና ተመለሰ። በሁለተኛው ጊዜ በዚያው ሰዓት ኳስ ሜዳ ይዞት የሚወጣ ሰው አገኘ። አሁን ደህና ነው። እህቴ፣ ወንድምሽን "ተው" ከማለትሽ በፊት ከ8 ሰዓት በኋላ የሚሄድበት ፈልጊለት። ሱቅሽ ላይ ለምን አታስቀምጪውም? የበርጫ ትልቁ ነገር የሚያዳምጥህ ሰው መኖሩ ነው፤ ያንን ሳታገኚለት ቅጠሉን ብቻ ብትነጥቂው አይሆንም።

የአራዳ እናት፦
ልጄ፣ የአንቺ ጭንቀት ስም አለው፣ ዕዳ ነው። ዱዓ አድርጊ፣ እኔም አደርግልሻለሁ። ግን ሆድ ይፍጀው ብለሽ አትቀመጪ። የእቁቡን ዳኛ አናግሪው። የተቸገረ ሰው ዕጣ እንዲቀደምለት መጠየቅ ነውር አይደለም። ዱቤ የሰጡሽንም ራስሽ ቀድመሽ ሂጂባቸው፤ የጠፋ ባለዕዳና መጥቶ ቀን የሚለምን ባለዕዳ አንድ አይደሉም።

የሆጤዋ፦
እማማ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ቅዳሜ ዳኛውን አናግራለሁ። ወንድሜንም ሱቅ አብሮኝ እንዲውል እጠይቀዋለሁ። ነርሷ፣ ሌሊት ልቤ ሲመታስ ምን ላድርግ?

ነርሷ፦
በአፍንጫሽ አየር ሳቢ፤ ስታወጪው ከሳብሽበት ረዘም አድርጊው። ጥቂት ደቂቃ እንዲህ ስታደርጊ የልብ ምትሽ ዝግ ይላል። ስልኩን ሌላ ክፍል አሳድሪው። ለማን ስንት እንዳለብሽ ገና ሳትተኚ ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ጨለማ ውስጥ በሐሳብሽ አትደምሪ። እንዲህም ሆኖ እንቅልፉ ለሳምንታት እምቢ ካለ፣ ወይም "ባልኖር ይሻላል" የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ሂጂ። እኛ ከተማ ያን ሁሉ አሳልፎ ያልተጨነቀ ማን አለ? ማንም እብድ አይልሽም። ወንድምሽንም ግፊቱን አስለኪው፤ ግን በቃመበት ሰዓት ሳይሆን ጠዋት ይሁን።